የስም ዋጋ፤ ለቪዲዮ ጨዋታ ገንዘብ ስለሚረዳ ነጋዴና በምላሹ ስለሚሰጠው ስም



በዚህ ሳምንት የማቀርበው ትምህርት ስለ ቡና ዋጋ ወይም ስለ ውጭ ምንዛሪ አይደለም፤ ስለ አንድ አዲስ ዕቃ ነው። ዕቃው ክብደት የለውም፤ በኬሻ አይሞላም፤ በመጋዘን አይከማችም፤ ነቀዝም አይበላውም። ይሁን እንጂ በውጭ አገር በብዙ ሺሕ ዶላር ሲሸጥ ታይቷል፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ እዚሁ በሰቃ ከተማ ከሱቃችን ባንኮኒ ላይ ቀርቦ እኛው ገዝተነዋል። ዕቃው ስም ነው። የገዛነው በእኔ በጸሐፊው እጅ በተጻፈ ውል ነበረ፤ ውሉም ጐደሎ ነበረ። ሌላው ነጋዴ በዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳለሁ።

የቪዲዮ ጨዋታ፣ ወይም ልጆቻችን እንደሚሉት ጌም፣ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ መስታወት ላይ የሚንቀሳቀስ ታሪክ ነው። ከሲኒማ የሚለየው ተመልካቹ ራሱ በታሪኩ ውስጥ ገብቶ መሄዱ፣ መሸጡ፣ መዋጋቱ፣ ማሸነፉና መሸነፉ ነው። በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ገጸ ባሕርያት ይባላሉ፤ አንዱ ወታደር ነው፣ አንዱ ባለሱቅ ነው፣ አንዱም በመንገድ ዳር ቆሞ ምንም የማይናገር ነው። ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ካለ፣ ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ፣ ታሪክ ጸሐፊና የኮምፒዩተር ባለሙያ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለብዙ ዓመታት ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ይወቅ። በአገራችንም ተጀምሯል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ የተባለው ድርጅት ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ እየሮጠች የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን እንዲሁም የአባቶቻችንን ገበጣ በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ አውጥቷል።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መያዣ አያበድርም፤ ገና ያልተሠራ ጨዋታ ደግሞ እንደ ቤት ወይም እንደ መኪና ለመያዣ አይቀርብም። ለዚህ ዓይነቱ ችግር እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ኪክስታርተር የሚባል ድርጅት ሥራ ጀመረ። ሠሪው ያሰበውን ሥራና የሚያስፈልገውን ገንዘብ በግልጽ ያስታውቃል፤ ሕዝቡም እንደ አቅሙ ያዋጣል። በተቆረጠው ቀን የተጠየቀው ገንዘብ ካልሞላ ከማንም ላይ አንዲት ሳንቲም አይወሰድም፤ ከሞላ ግን ድርጅቱ ከመቶ አምስት ቈርጦ ገንዘቡን ለሠሪው ያስረክባል። ያዋጣው ሰው የአክሲዮን ባለቤት አይሆንም፤ እንደ ገንዘቡ መጠን ዋጋ ያገኛል እንጂ። ጥቂት የሰጠ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ይደርሰዋል፤ ከዚያ የበለጠ የሰጠ ስሙ በምስጋና ዝርዝር ይጻፍለታል፤ እጅግ የሰጠው ግን በጨዋታው ውስጥ ለሚኖር ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስም እንዲያወጣ ይፈቀድለታል። ይህ በር በአገራችን ለሚኖር ሠሪ የተከፈተ አይደለም። ስለዚህ የእኛ ልጆች ይህንኑ አሠራር በእግራቸው እየዞሩ፣ ሱቅ ለሱቅ እየገቡ ያካሂዱታል።

እንግዲህ ነጋዴው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ የሚገባው «የምሰጠው ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ ነው?» ብሎ ነው። ለምሳሌ የዓባይን ግድብ እናንሣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለበት ጊዜ አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ ከእኛ ከተማ እንኳ ቦንድ ያልገዛ ነጋዴ ማግኘት ያስቸግራል። ቦንድ የገዛው አበድሯል፤ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጠብቅ በስጦታ ሰጥቷል። ከሁለቱም ማንም «በግድቡ ግንብ ላይ ስሜ ይቀረጽ» አላለም። ስም ለማውጣት ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ግን አላበደረም፤ ስጦታም ሰጠሁ ቢል ራሱን ያታልላል። ዕቃ ገዝቷል። በግዢ ላይ ደግሞ እኛ ነጋዴዎች ልማድ አለን፤ ናሙና እናያለን፣ ሚዛን እናስተካክላለን፣ ደረጃውን እንጠይቃለን፣ የማስረከቢያውን ቀን እንጽፋለን። ወደ ስም ስንመጣ ይህን ሁሉ የምንረሳው ዕቃው ክብር ስለሚመስለን ነው። እኔም የረሳሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛን ከመናገሬ በፊት በውጭ አገር የሆነውን ላስቀድም። ኦብሲዲያን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ» ለሚባል ጨዋታ በኪክስታርተር 1,100,000 ዶላር ጠየቀ። ጊዜው ሲያልቅ 73,986 ሰዎች 3,986,929 ዶላር አዋጥተው ተገኙ። ገንዘቡ የመጣው በብዛት ሆኖ፣ ቃል የተገባላቸው ስሞችም በዚያው ልክ ብዙ ሆኑ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 በወጣ ጊዜ በየከተማውና በየመሸታ ቤቱ ስማቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሰዎች ቆመው ታዩ። ተጫዋቹ ቀርቦ ቢጠይቃቸው አይመልሱለትም፤ ደጋፊው የጻፈውን የሕይወት ታሪካቸውን ብቻ ያነብባል። የዋናው ታሪክ ደራሲዎች ያላሰቡት፣ ከታሪኩም ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ በየመንገዱ ሲደቀንበት ብዙው ተጫዋች ተሰላቸ። ወርቃማውን ስም ሲያይ የሚያልፈው ሆነ። እንግዲህ ገዢው ስሙ እንዲነበብ ከፍሎ ስሙ የማይነበብበት ምልክት ሆኖበት ቀረ ማለት ነው። በገበያ የበዛ ዕቃ ዋጋው እንደሚወድቅ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያው ጨዋታ ሌላም ነገር ደረሰ። ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ በመታሰቢያ ድንጋዮች ላይ ጥቂት ቃል የማስጻፍ መብት ገዝተው ነበር። ጨዋታው በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከእነዚህ ድንጋዮች በአንዱ ላይ የተጻፈው ግጥም ሰዎችን የሚያዋርድ ነው ተብሎ ክስ ተነሣ። ድርጅቱም ጽሑፉ በተገቢው መንገድ ሳይመረመር ያለፈ መሆኑን ተናገረና ደጋፊውን ጠይቆ በሌላ ጽሑፍ አስለወጠው። በዚህ ጊዜ ደግሞ «ስለ ምን ተለወጠ?» የሚሉ ሌሎች ተቈጡ። ሻጩ ገንዘቡን ሲቀበል የመምረጥ ሥልጣኑን አብሮ የሸጠ መሰለ፤ ኋላ ሥልጣኑን መልሶ ሲይዝ ሁለቱንም ወገን አስቀየመ። በመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

አሁን ወደ ሰቃ እንመለስ። ከተማችን ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። አሠሪዬ ሐጂ ቡና ገዝተው የሚያዘጋጁ፣ ከዚያም ጋር የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ዓመት ቡና ተለቅሞ ባለቀበት ወራት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሦስቱም በጅማ የተማሩ ወጣቶች፣ ኮምፒዩተር ይዘው ወደ ሱቃችን መጡ። የሚሠሩት ጨዋታ የሲራራ ነጋዴ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከጌራ ጫካ ቡና፣ ከሌላም ሥፍራ ዝባድ ጭኖ፣ በቅሎዎቹን እየነዳ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ወደ ሒርማታ የሐሙስ ገበያ ይደርሳል። በመንገድ ሽፍታ አለ፤ ወንዝ ይሞላል፤ ዋጋ ይወድቃል። እኔ በስልክ ጨዋታ የምሣቅ ሰው ነበርኩ፤ ነገር ግን ልጅቷ ኬላውን፣ ቀረጥ ተቀባዩንና የተጫነውን ኬሻ ስታሳየን ዓይኔን ከመስታወቱ መንቀል አቃተኝ። ሐጂም ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «አባቴ በዚህ መንገድ ሄዷል» አሉ።

ወጣቶቹ ለመጨረሻው ሥራ ገንዘብ አጥረዋል። 25,000 ብር የሰጠ ነጋዴ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ያወጣል አሉ። ሐጂ ዋጋ አልተከራከሩም፤ በዚህ ሱቅ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ ሳይከራከሩ ሲገዙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የአባታቸው ስም እንዲገባ ፈለጉ፤ ያውም የፈረስ ስማቸው።

ለሩቅ አገር አንባቢ ይህን ማብራራት ይገባል። በጅማ አገር የታወቀ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፤ «አባ» ብሎ የፈረሱን ስም ማስከተል ነው። የጅማ ነገሥታት አባ ጅፋር ቀዳማዊ፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞልና እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት አባ ጅፋር ዳግማዊ በታሪክ የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። በሌላውም የአገራችን ክፍል አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሰው ስሙን ከፈረሱ ያገኝ ነበር፤ በወጣቶቹ ጨዋታ ደግሞ የሌለ ፍጡር ስሙን ከሰው ያገኛል። ይህን በዚያን ጊዜ አላሰብሁትም፤ ኋላ ግን ነገሩ የተፈታው በዚሁ ሆነ። የሐጂን አባት የፈረስ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ፊት ያገኘዋል።

ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ገንዘብ ሰጪው ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስም የመስጠት መብት አለው፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ጨዋታው ሲወጣ ይከፍላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረ። ሁለቱም ወገን ፈረሙ፤ ምስክሮች ፈረሙ፤ እኔም 12,500 ብር ቈጥሬ ሰጠሁና ደረሰኝ ተቀበልሁ። ለአንድ ኩንታል ስኳር እንኳ ከዚህ የረዘመ ወረቀት እጽፍ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ወጣቶቹ የሙከራውን ጨዋታ በስልክ ላከሉን። የሐጂ የልጅ ልጅ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ሐጂ ከጐኑ ቆሙ። በሁለተኛው ኬላ አጠገብ፣ በዋርካ ጥላ ሥር፣ የሐጂ አባት ስም የተጻፈበት ሽማግሌ ተቀምጦ ቡና ይገዛል። ልጁ ከኬሻው ግርጌ ድንጋይ ጨመረና ለሽማግሌው ሸጠለት። ሽማግሌው ሳይመረምር ከፈለ። ጨዋታውም ለልጁ ወርቅ ሰጠውና አባ እገሌን ማታለሉን በትልቅ ፊደል አስታወቀው። ልጁ ደስ ብሎት ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌው ከስሮ ከዋርካው ሥር ጠፋ፤ ኋላ በሒርማታ ገበያ ዳር ምጽዋት ሲለምን ተገኘ።

ሐጂ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። ከዚያ «እንኳን ልጄ አባቴን አላገኘ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ያጠፋውም ነገር አልነበረም። የቅድመ አያቱን ስም በኬላው ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ወጣቶቹን አስጠራኋቸው። ልቤ ተቈጥቶ ነበር፤ ሆኖም መልሳቸውን ስሰማ ቍጣዬ ወደ ራሴ ዞረ። በንግድ ጨዋታ ውስጥ አታላይ ካለ የሚታለል ሰው ያስፈልጋል። ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የማይዋሽ፣ ሰውን የሚያምን፣ ዋጋ የማይጨቊን ደግ ነጋዴ ያ ሽማግሌ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የከበረውን ሥፍራ ለሐጂ አባት ሰጠን ብለው አስበዋል። በውሉ ላይ የሚከለክላቸው ቃል አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቈጠር ይናገራል፤ የእኔ ሕግ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች።

ሌላው ችግር በማግሥቱ ከአጋሮ መጣ። የሐጂ ታላቅ እኅት ወሬውን ሰምተው በጧቱ መኪና ደረሱና ገና ሳይቀመጡ «የአባቴን ስም ማን ሸጠው? ስንት ሸጠው?» ብለው ጠየቁ። ሐጂ «ገዛሁት እንጂ አልሸጥሁትም» ቢሉ አልተቀበሏቸውም። እኔም ነገሩን ባሰላስል እኅትየው የተናገሩት እውነት ሆኖ አገኘሁት። ወጣቶቹ የሸጡት ሥፍራውን ነው፤ ስሙን ያቀረብነው እኛ ነን። ስሙም የሐጂ ብቻ አይደለም፤ የሰባት ልጆችና የብዙ የልጅ ልጆች ነው። ከሰባቱ ማንንም አላማከርንም።

ስም ባለቤት እንዳለው የቡና ነጋዴ ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረበት። መንግሥታችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሣ ጊዜ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተደረገውን ክርክርና በ1999 ዓ.ም. የተደረሰውን ስምምነት በየሱቃችን ስንነጋገርበት ነበር። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ፍሬው አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበረ። ለይርጋጨፌ ስም ስንቈረቈር የቈየን ሰዎች የገዛ አባታችንን ስም በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረከብን።

እንዴት መደረግ እንደ ነበረበት ከዚያ በኋላ ስፈልግ አንድ ጥሩ ምሳሌ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ዐሥራ ስድስት ያህል ደራሲዎች የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን ለሚከላከል ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ በሚጽፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ለገጸ ባሕርይ ስም የማውጣትን ዕድል በጨረታ ሸጡ። ከእነርሱ አንዱ ስቲቨን ኪንግ ነበረ፤ የእርሱ ጨረታ በ25,100 ዶላር ተዘጋ። የገንዘቡ ብዛት አይደለም እኔን የገረመኝ፤ ኪንግ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ስለ ዕቃው የሰጠው መግለጫ ነው። የሚሸጠው አንድ ስም ብቻ መሆኑን፣ መጽሐፉ ደም የሚፈስበትና የሚያስፈራ መሆኑን፣ ገጸ ባሕርዩ ወንድም ሴትም ሊሆን እንደሚችል፣ በመጽሐፉ ውስጥ መሞት የሚፈልግ ገዢ ካለ ግን ስሙ የሴት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ አስታወቀ። ቀልድ ቢመስልም ይህ የናሙና ማሳየት ነው። ገዢው ኬሻውን ከፍቶ፣ እጁን እስከ ግርጌው አግብቶ ገዛ።

ሻጩም ቢሆን ስለ ራሱ ማሰብ አለበት። በዚያው ዓመት በቦሊቪያ አገር በማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ የተገኘ፣ በሳይንስ ገና ስም ያልወጣለት የጦጣ ዝርያ ነበረ። ስም የማውጣቱ ዕድል በጨረታ ቀረበና አንድ በኢንተርኔት የሚሠራ የቁማር ድርጅት 650,000 ዶላር ከፍሎ አሸነፈ። ገንዘቡ ለፓርኩ ጥበቃ ዋለ፤ ጦጣው ግን በላቲን ቋንቋ «የወርቅ ቤተ መንግሥት» ማለት በሆነው በቁማር ቤቱ ስም ይኖራል። ለፓርኩ ጠባቂዎች ደመወዝ ተገኝቷልና እኔ አልፈርድባቸውም። በአገራችንም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. ቤትኪንግ የተባለውን የውርርድ ድርጅት ስም ከራሱ ስም አስቀድሞ ተሸክሞ ነበር። ጨረታ የሚያወጣ ሰው ከፍተኛውን ዋጋ የሚሰጠው ማን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ያስብ፤ የማይቀበለው ካለ ከጨረታው በፊት ይናገር፤ ዋጋው ከተጠራ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል።

እንግዲህ ዛሬ ያን ውል ብጽፈው እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ? በመጀመሪያ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደ ሆነ፣ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ የት እንደሚቆም እጽፋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ተጫዋቹ ምን ሊያደርገው እንደሚችል እጽፋለሁ፤ ሊገድለው፣ ሊሰርቀው፣ ሊያታልለው፣ ሊሰድበው ይችላል ወይስ አይችልም? ገጸ ባሕርዩ ደግ መሆኑን መጠየቅ አይበቃም፤ በደጉ ላይ የሚደረገውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስሙን በፊደልም በቁቤም አጽፋለሁ። በኦሮምኛ አንዲት ፊደል መጥበቋና መላላቷ ቃሉን ሌላ ታደርገዋለች፤ በሙከራው ጨዋታ የአባትየው ስም በቁቤ በአንድ ፊደል ጐድሎ ሌላ ትርጕም ይዞ ነበር፤ ይህንንም ያየችው የሐጂ እኅት ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ቢወጣለት ወይም ለሌላ ድርጅት ቢሸጥ ስሙ አብሮ ይሄድ እንደ ሆነ መወሰን ይገባል። ሠሪው የማይወደውን ስም የመመለስ መብት፣ ገንዘብ ሰጪውም ሙከራውን አይቶ ስሙን የማንሣት መብት በየበኩላቸው ከነቀኑ ይቀመጥላቸው። ስሙ የሞተ ሰው ከሆነ የወራሾቹ ፈቃድ በፊርማ ይያያዝ። ስንት ስም እንደሚሸጥም ይቈጠር፤ ወጣቶቹ በኋላ እንደ ነገሩኝ ለዐርባ ነጋዴዎች ቃል ሊገቡ አስበው ነበር። ዐርባ የሰቃና የሸቤ ነጋዴ በአንድ ኬላ ላይ ቢቆም መንገዱ ይዘጋል።

ስለ መዝገብ አያያዝም ጥቂት ልበል፤ በዚህ በኩል የተሳሳተ ጸሐፊ ብዙ ነውና። እኔ ወጪውን በመጀመሪያ በስጦታ ዓምድ ጽፌው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር በፊት ተቀናሽ እንዲሆን የሚቀበለው ስጦታ ለበጎ አድራጎት ወይም ለመንግሥት ጥሪ የተሰጠውን፣ እርሱንም በተወሰነ ልክ ነው፤ ለግል ሥራ የተሰጠ ገንዘብ በዚያ አይገባም። የሱቁ ስም ገብቶ ሱቁን የሚያስተዋውቅ ቢሆን ኖሮ በማስታወቂያ ወጪ ለማቅረብ መነጋገር ይቻል ነበር። የአሠሪ አባት ስም ግን ማስታወቂያ አይደለም፤ የቤተሰብ ጕዳይ ነው፤ ከሐጂ የግል ሒሳብ ላይ አዛወርሁት። ሁሉም የራሱን ሒሳብ ዐዋቂ ይጠይቅ።

በመካከሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ለሐጂ ነገርኋቸው። የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ቡድን በንጉሡ የፈረስ ስም ይጠራል። በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ ስሙ በክብር ተጠራ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ አባ ጅፋር ተሸነፈ ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን፤ ስለዚህ ንጉሡ ተሰደበ ብሎ የተቀየመ ሰው የለም። ሐጂ ጥቂት አሰቡና «እነዚያ ሲሸነፉ ተጫውተው ነው፤ አባቴን ግን ተቀምጦ ገፈፉት» አሉ። መልስ አጣሁ።

ዕርቁ የተደረገው በሱቃችን ጓዳ ነው። ወጣቶቹ ገንዘቡን ለሠዓሊው ከፍለውታልና ሊመልሱ አልቻሉም፤ ሐጂም ገንዘቡን አልጠየቁም፤ ስሙ ብቻ እንዲመለስ ፈለጉ። እኅትየው ቡና አስፈልተው፣ አንዱንም ሳይቈጡ፣ አባታቸው እንዴት ይነግዱ እንደ ነበር ለወጣቶቹ ሲተርኩ አመሹ። ኬሻ ሳይፈቱ ቡና ገዝተው እንደማያውቁ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አግብተው ከግርጌ ዘግነው እንደሚያሸቱ ነገሯቸው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በደብተሯ ጻፈችና ቀና ብላ «እማማ፣ ስሙ መጀመሪያ የማን ነበር፤ የሰውየው ወይስ የፈረሱ?» ብላ ጠየቀች።

«የፈረሱ ነዋ!» አሉ እኅትየው። ስለ ፈረሱም እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ፤ ወንዝ ሲሞላ ሌሎቹን በቅሎዎች እየመራ ያሻግር እንደ ነበር፣ ሽፍታ ሲሸተው ቆሞ አልሄድም ይል እንደ ነበር።

አዲስ ውል ጻፍሁ፤ ይኸኛው ሦስት ገጽ ነው፤ ሰባቱም ወራሾች ወይም ልጆቻቸው ፈርመውበታል። ከስሙ «አባ» የሚለው ወጣ። ዋርካው ሥር ያለው ሽማግሌ ስም የለሽ ሆኖ ቀረ፤ ኬሻም መፈተሽ ተማረ። የቀረው ስም ከሲራራው ፊት ለሚሄደው ፈረስ ተሰጠ። ፈረሱ አይሸጥም፤ አይሰረቅም፤ ተጫዋቹ ካላበላውና ካላጠጣው ግን ወንዝ አያሻግረውም። ቀሪውን 12,500 ብር ሐጂ በዚያው ሳምንት ከፈሉ።

ልጁ አዲሱን ሙከራ ከፍቶ ሲጀምር ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ከጐኑ ቆሙና ገብስ ሰጥቶት እንደ ሆነ ጠየቁት። ልጁ እስካሁን ወደ ሒርማታ አልደረሰም፤ ሐጂ በየኬላው እያስቆሙ ፈረሱን ያስበሉታል።